የሻገተው የሲጋር ሣጥን

በዚህ ነሐሴ አንድ ቀን የልጅ ልጄ ቤዛ አልጋዬ ሥር ገብታ ስትጎረጉር ቆየችና አንዲት ቀላ ያለች የእንጨት ሣጥን ታቅፋ ወጣች።

«እማማ፣ ይሄ ነገር ሻግቷል እኮ። ውስጡ ያለው ጥቅል ነገርም ሻግቷል። ልጣለው?»

«አስቀምጪ!» ብዬ ስጮህ ከእጇ ሊያመልጣት ምንም አልቀረው። ቤዛ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ጽዳት ስትወድ ለጉድ ነው፤ እዚህ ቤት ያለ አሮጌ ነገር ሁሉ፣ እኔንም ሳይጨምር አይቀርም፣ የሚጣል ይመስላታል። የዘንድሮ ክረምት ደግሞ ደብረ ብርሃንን አበስብሷታል። ጫማ ሻገተ፣ ቀበቶ ሻገተ፣ የግድግዳው ጥግ ሻገተ። ልጆቹ የሻገተ ነገር ባዩ ቁጥር በሁለት ጣት አንሥተው ወደ ቆሻሻ መጣያ ነው። እኔ ባደግሁበት ቤት ግን የሻገተ ነገር መጀመሪያ ይታከማል፤ የሚጣለው መድኃኒት እምቢ ሲል ነው።

ሣጥኗን ጭኔ ላይ አድርጌ ከፈትኳት። መጀመሪያ የመጣው የሻጋታው ሽታ ነው፤ ቀጥሎ ቀስ ብሎ ወይራ መጣ፤ ከወይራው ሥር ደግሞ ትምባሆ። ክዳኗ ላይ ትንሽ የእጅ ሰዓት የምትመስል የእርጥበት መለኪያ አለች፤ መርፌዋ ከቆመች ስንት ዘመኗ። ውስጧ አንድ ሲጋር ተጋድሟል። ሲጋር ስል ሱቅ የሚሸጠውን ቀጭኑን ሲጋራ ማለቴ አይደለም፤ ቅጠሉ እንዳለ የተጠቀለለ፣ የወንድ አውራ ጣት የሚያህል ትምባሆ ነው። እኔ በዕድሜዬ ትምባሆ ከንፈሬን ነክቶ አያውቅም።

«ታዲያ ምን ይሠራልሻል?» አለችኝ ቤዛ።

ቁጭ በይ አልኳት።

ያደግሁት መንዝ፣ ዘመሮ ነው። እናቴ ወይዘሮ አስካለ ጠላ ጠማቂ ነበረች። አባቴ ከሞተ በኋላ ያሳደገችኝ በገብስ ጠላ ነው። መንዝ ውስጥ ጠላ ጠማቂ ሞልቷል፤ የአስካለ ጠላ ግን ሻግቶ አያውቅም ይባል ነበር። ምስጢሩ ከጋኑ ላይ ነው። ጠላው ሲያልቅ ጋኑን በግራዋ ቅጠል አሽታ አሽታ ታጥበዋለች፣ ታደርቀዋለች፣ ከዚያ በወይራ ጭስ ላይ ደፍታ ታጥነዋለች። ግራዋውም ወይራውም ከቆላ በአህያ ተጭነው የሚመጡ ናቸው። ለሥጋ ገበያ የማትወጣው ሴትዮ ለወይራ ግን ጉም ይሁን በረዶ አትቀርም። ክንዷ እስከ ክርኗ ግራዋ ግራዋ ይሸት ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ቆመን እንኳ ዓይኔን ጨፍኜ የት እንዳለች አውቅ ነበር።

ከግቢያችን ጥግ ያለችውን ክፍል እናከራያለን። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የመምህራን ማሠልጠኛ ጥሪ በምጠብቅበት ዓመት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ክፍሏን አንድ የከብት ሐኪም ተከራየ። ዶክተር ሰይፈ ይባላል። አባቱን በጦርነት አጥቶ በልጅነቱ ኩባ ተልኮ፣ እዚያው አድጎ፣ እዚያው ተምሮ የተመለሰ ሰው ነው። አማርኛው በሄደበት ዕድሜ ላይ ቆሞ ስለቀረ አንዳንዴ እንደ ልጅ ያወራል፤ ገበሬዎቹ ይስቁበታል፣ ደግሞም ይወዱታል። በግ ሲያክም እጁ አይቸኩልም። ያኔ አፌ «እርስዎ» ይለው ነበር፤ ልቤ ግን «አንተ» ማለት ከጀመረ ቆይቷል። እናቴ ይህን አታውቅም ብዬ አስብ ነበር። ምን የማታውቀው ነገር ነበራትና!

ሣጥኗን ያየሁት ክፍሉን ስጠርግለት ነው። መጥረጊያዬን ይዤ ቆሜ «ምንድን ናት ዶክተር?» ስለው ትንሽ አመነታና ከፈታት። ሰባት ሲጋሮች ጎን ለጎን ተኝተዋል። ሽታው የደረቀ ፍሬ ይመስላል፤ ትምባሆ እንዲህ ይሸታል ብዬ አልጠበቅሁም።

«ትምህርት ቤታችን አጠገብ ዶን ራሞን የሚባል ሽማግሌ ነበረ» አለኝ። «ሥራው ሲጋር መጠቅለል ነው። ልጅ የለውም። እሑድ እሑድ ቤቱ እሄዳለሁ፣ ሩዝና ባቄላ ያበላኛል፣ ፀጉሬን ይቆርጠኛል። ወደ አገሬ ስመለስ አሥራ ሁለት ጠቀለለልኝ። በየዓመቱ፣ ከእኔ በተለየህባት ቀን አንድ አጭስ፤ ሲያልቅ መጥተህ ሌላ ትወስዳለህ አለኝ።»

«ሲያልቅ ይሄዳሉ ማለት ነው?»

«ሞቷል። አምና ደብዳቤ መጣልኝ።»

ይህን ሲል መዳፉ ክዳኑ ላይ ነበር። እኔም «ነፍስ ይማር» አልኩና ወለሉን ሁለተኛ ጠረግሁት።

እንግዲህ በእኛ አገር ትምባሆ ማለት ምን እንደነበር መናገር አለብኝ፤ የዛሬ ልጅ አይገባውም። ትምባሆ ከአርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ ቅጠል ነው እየተባልን ነው ያደግነው። አጫሽ ቤት ቄስ አይገባም፣ ማኅበርተኛ አይቀመጥም። ለዶክተሩ በጉን የሚያመጣ ገበሬም አጫሽ መሆኑን ቢሰማ ሌላ ሐኪም እስኪመጣ በጉ ይሙት ይላል እንጂ ደጁን አይረግጥም። ዶክተሩም ያውቃል። በዓመት አንዷን የሚያጨሳት ብቻውን ገደል አፋፍ ድረስ ወርዶ ነው። ለማንም እንዳልናገር ለመነኝ። ምስጢር የሰጠኝ ጊዜ እንዴት እንደኮራሁ!

በሐምሌ መጨረሻ ከግሼ በኩል በግ እያለቀ ነው የሚል መልእክት መጣና ራቤል ሄዶ እንዲከትብ ታዘዘ። መኪና እስከሚደርስበት በመኪና፣ ከዚያ በበቅሎ ነው፤ ሦስትም አራትም ሳምንት ይፈጃል። ጠዋት ግቢውን ጉም ሞልቶት ሳለ ሣጥኗን በፎጣ ጠቅልሎ ወደ እኔ መጣ። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ነበረች።

«ጥሩነሽ፣ ይቺን አደራ። ክፍሌ ያፈሳል። ሌላ የምሰጠው ሰው የለኝም።»

«እሺ ዶክተር።»

«በሳምንት አንድ ቀን ክዳኗ ውስጥ ያለችው ስፖንጅ ላይ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ አሥር ጠብታ አድርጊባት። አሥር ብቻ። ቅጠሉ ከደረቀ ይሰነጠቃል። መርፌዋ እንዳትወርድ፣ ደግሞ…» መኪናው ጡሩንባውን ነፋ። የ«ደግሞ»ን ቀሪ ሳይነግረኝ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሮጠ።

አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይላሉ። እኔም አደራውን ተቀበልኩ፤ እንዴት እንደጠበቅሁት ግን ስሙልኝ።

የመጀመሪያው ጥፋቴ የደበቅሁበት ቦታ ነው። እናቴ የማትደርስበት ጥግ ቤታችን ውስጥ ስላልነበረ፣ ከሁሉ ይሻላል ብዬ ጓዳ ውስጥ ከጋኖቹ ኋላ ሸጎጥኳት፤ ጥንስሱ ከሚፈላበት አጠገብ። ያ ጓዳ በክረምት ግድግዳው ያልበዋል። ሁለተኛው ይብሳል። ትምባሆ ቤት ካስገባሁ በኋላ ሰላም አጣሁ። ፍልሰታ ገባ፤ ሕፃን ሽማግሌ የማይቀርበት ጾም። በዚያ ላይ የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ተራው የእናቴ ነበር። ነሐሴ አሥራ ስድስት፣ ጾሙ በሚፈታበት ዕለት፣ ማኅበርተኛው ከነቄሱ እኛ ቤት ይገባል፣ ጽዋው እኛ ቤት ይቀዳል። እናቴ ለዚያች ቀን ዓመት ሙሉ ጠብቃለች፤ ገብሱን እንኳ ፍሬ በፍሬ ነው የለቀመችው። እኔ ደግሞ ከጽዋው ጠላ ኋላ የአርዮስን ቅጠል ደብቄያለሁ።

ስለዚህ አንድ ዘዴ መጣልኝ። ሣጥኗ የምትፈልገው ውኃ ከሆነ ጠበል ይሻላታል አልኩ። ትምባሆውንም ይባርከዋል፣ ቤቱንም ይጠብቀዋል። ከኪዳነ ምሕረት ያመጣሁት ጠበል በጠርሙስ አለ። አሥር ጠብታ ብሏል፤ ግን ጠበል በጠብታ ይቆጠራል እንዴ? ስፖንጇ እስክትጠግብ አጠጣኋት። በሳምንቱ ደገምኳት። መርፌዋ ዘጠና ላይ ስትደርስ ፈተና ዘጠና ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። እንዳትወርድ አይደል ያለኝ!

ነሐሴ አሥራ ሦስት ቀን ከፈትኳት። የክዳኑን ውስጥ አረንጓዴ ወሮታል። ሲጋሮቹ ነጭ ፀጉር አብቅለዋል፤ አንዱማ የአይጥ ግልገል መስሏል። መጀመሪያ የመጣብኝ የእግዚአብሔር ቁጣ ነው። ቀጥሎ የዶክተሩ መዳፍ ክዳኑ ላይ ሆኖ ትዝ አለኝ። ሽማግሌው ሞቷል፤ የቀሩት ሰባት ናቸው፣ ሌላ የሚጠቀልል የለም። ጠበል አሻገተብኝ ብዬስ ለማን አቤት እላለሁ? አለቀስኩ። ከዚያ ዓይኔን ጠርጌ ሻጋታ ወደምታውቀው ሴት ሄድኩ።

እናቴ ደጅ ላይ ትርፍ ጋን በግራዋ እያሸች ነበር።

«እማዬ፣ የመጻሕፍት ሣጥን ቢሻግት ምን ይደረጋል?»

ቀና ሳትል «ነጭ ነው አረንጓዴ?» አለች።

«ሁለቱም አለበት።»

«የሚበላ ነገር ተቀምጦበታል?»

«ኧረ የለም!»

«እና ሻጋታው ምን በልቶ ወፈረ?»

እናቴ ጋኑን አንድ ጊዜ አዙራ ቀጠለች። «ባዶውን አውጥቶ በጥላ ማድረቅ ነው፤ ፀሐይ እንዳያገኘው፣ እንጨት ይጣመማል። ውኃ እንዳይነካው። ሻጋታ ውኃ አይፈራም፣ አረቄ ግን ይፈራል። በዳግም አረቄ ጨርቅ አርሶ መጥረግ። ከዚያ እንደ ጋን በወይራ ማጠን ነው።»

በማግሥቱ እናቴ ለቅዳሴ ሄደች። በፍልሰታ ቅዳሴ የሚወጣው ወደ ዘጠኝ ሰዓት ስለሆነ ጊዜ አለኝ ብዬ ሲጋሮቹን ሰፌድ ላይ ደረደርኩ። ለጉንፋን ብላ ከምታስቀምጠው ዳግም አረቄ ሰርቄ ሣጥኗን ከውስጥ ጠረግሁ። ሻጋታው ከእንጨቱ ላይ በአንድ ጊዜ ሲለቅ ሳይ ነፍሴ መለስ አለች። ሲጋሮቹ ግን አስቸገሩኝ። ጠንከር አድርጌ ስይዘው ቅጠሉ ይላጣል፣ ላላ ሳደርገው ሻጋታው አይለቅም። እነሱን ለኋላ ብዬ ወይራ ለኮስኩና ሣጥኗን ጭሱ ላይ እንደ ጋን ደፋኋት።

«ወይራዬን የሚፈጀው ማን ነው?»

ጭሱ መንገድ ድረስ ሄዶ ጠርቷታል ለካ። ያን ቀን ቅዳሴው ቶሎ ወጥቶ ነው ወይስ እኔ በሥራ ሰዓት ረስቼ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። እናቴ ነጠላዋን እንዳጣፋች ሰፌዱን አየች።

«ትምባሆ ነው?»

«አዎ እማዬ።»

«በጽዋዬ ቤት?»

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ኩባውን፣ ሽማግሌውን፣ ሩዝና ባቄላውን፣ ጠበሉን። ጠበሉ ላይ ስደርስ እንኳን ሳቅ ሊመጣት፣ ግንባሯን ያዘች።

«ጠበል ለሰው ነው፤ ለእንጨት ማን አዘዘሽ? ቆይ፣ አደራ ብሎሻል?»

«ብሎኛል።»

«አንቺስ እሺ ብለሻል? በአፍሽ?»

«በአፌ።»

ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጠምጥማ ሰፌዱ ፊት ተንበረከከች። «ምን ያስለቅስሻል? ጨርቁን አምጪ።»

በዕድሜዋ ትምባሆ የያዘ ሰው አጠገብ ቆማ የማታውቅ ሴት እያንዳንዱን ሲጋር መዳፏ ላይ አስተኝታ፣ በአረቄ በራሰ ጨርቅ ከጫፍ ጀምራ እንደ ሕፃን ጣት ጠረገችው። በአውራ ጣቷ ጫን ጫን እያለች ብቅል እንደምትፈትሽ ፈተሸቻቸው። «ይሄ ከላይ ነው፣ ውስጡ ደኅና ነው። ይሄም ደኅና ነው። ይሄ አልቆለታል፤ እምብርቱ ገብቷል።» ሰባቱ አምስት ሆኑ። ሁለቱን ከግቢው ውጭ ቀበርኳቸው። አምስቱን ደረቅ ጭድ ቤት ውስጥ ከነሣጥናቸው አኖርን፤ ስፖንጇን ራሷ አውጥታ ወረወረቻት።

ከዚያ እጇን በአመድና በግራዋ ሦስት ጊዜ ታጥባ ወደ ነፍስ አባቷ ወደ አባ ወልዴ ሄደች። ስትመለስ ምን አሉሽ አልኳት። «አደራ መጠበቅ ኃጢአት አይደለም፣ ቤቱን ጠበል ረጭተን ማኅበርሽን አውጪ አሉኝ» አለች። እፎይ አልኩ። እሷ ግን እፎይ አላለችም፤ አሁንም አሁንም ያን ትምባሆ የነካ እጇን ታሸት ነበር።

ነሐሴ አሥራ ስድስት ቤታችን ሞላ። አባ ወልዴ ጸሎት አደረሱ፣ ጽዋው ቀረበ። የባለተራዋ ወግ ራሷ መቅዳቷ ነው፤ ሁሉም እሷን ጠበቀ። እናቴ ከበሩ አጠገብ ካለው መደብ ላይ አልተነሣችም።

«ዘነበች፣ አንቺ ቅጂልኝ። ዛሬ እጄን አሞኛል።»

እትዬ ዘነበች ጎረቤታችን ናት፤ ተነሥታ ቀዳች። ሴቶቹ ግን ተያዩ። ጠዋት ያንን እጅ ሰላም ብለውታል፣ ጋን ሲያነሣ አይተውታል። እናቴ ዓመት በጠበቀችው ቀን፣ በገዛ ቤቷ፣ እንደ ዘገየ እንግዳ በር ላይ ተቀምጣ ዋለች። እኔ ከጓዳው ደጃፍ ቆሜ እያየኋት ልቤ ተቃጠለ። አባ ወልዴ እንኳ «ቅጂ እንጂ አስካለ» ቢሏት በዓይኗ ለመነቻቸውና ተዉአት።

ወሬው አልቆየም። አስካለ ምን ሠርታ ነው ጽዋ ያልቀዳችው? ቄሱ ገዝተዋት ነው አሉ፤ ጠንቋይ ቤት ታይታለች ያለም አልጠፋ። «ለምን አትነግሪያቸውም?» ብዬ ተናደድኩባት።

«ልንገራቸውና ነገ በጉን ይዞ ወደ ልጁ የሚመጣ ማን ነው? ያንቺ አደራ ሣጥኑ ነው። የእኔ ሰውየው ነው፤ ከቤቴ ነው ያደረው። አፍሽን ያዢ።»

ዶክተሩ የመጣው በነሐሴ መጨረሻ ነው፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ ፊቱ በብርድ የከሰለ። ሣጥኗን ሰጥቼ ምንም ሳላስቀር ነገርኩት። ከፈታት። አሸተተ። አምስቱን ቆጠረ፣ እንደገና ቆጠረ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፤ ዓይኑ ብቻ እንባ ሞላ። «እትዬ አስካለ በእጃቸው ነኩት?» አለኝ። አዎ ስለው ተነሥቶ ወደ ቤት ገባና ከጉልበቷ ላይ ወደቀ።

«በእጅዎ ጠረጉት እትዬ?»

«በእግሬ ይጠረጋል? ተነሥ፣ ተነሥ ልጄ፤ ጭቃህን ወለሌ ላይ አራገፍከው። አባት የሰጠው ዕቃ እንዴት ይጣላል? ሁለተኛ ግን በክረምት ውኃ አታጠጣው። በመንዝ ክረምት እንኳን እንጨት ድንጋዩም ጠግቧል።»

ለካ መኪናው ጡሩንባ የነፋበት የ«ደግሞ» ቀሪ ይኸው ነበር። መርፌዋ ከሰባ ስታልፍ ክፈቺያት ሊለኝ ነበር።

በሁለት ዓመቱ ዶክተር ሰይፈ ወደ ዓለም ከተማ ተዛወረ። እኔ ማሠልጠኛ ገባሁ፣ አስተማሪ ሆንኩ፣ ሌላ ሰው አገባሁ፤ እሱም ሌላ አገባ። ልቤ «አንተ» ያለውን አፌ ሳይለው ቀረ፤ በዚህ የሚያለቅስ የለም። እናቴ በሞተች ጊዜ ዶክተሩ በአውቶቡስ አቧራ ጠጥቶ ለቅሶ ደረሰ። ሰው ሲበተን ይህችን ሣጥን ከጋቢው ውስጥ አውጥቶ ሰጠኝ። ውስጧ አንድ ሲጋር ነበረ።

«አራቱን በየዓመቱ አጨስኳቸው» አለኝ። «በለኮስኩ ቁጥር መጀመሪያ የሚመጣው የእናትሽ ጋን ነው፣ ዶን ራሞን ከኋላ ነው የሚደርሰው። ይቺን መለኮስ አቃተኝ። የእሳቸው ናት። አደራ።»

«እሺ» አልኩ። በአፌ።

እነሆ በየነሐሴው አወጣትና አያት ነበር። አምና ጉልበቴን አሞኝ ሳላወጣት ቀረሁ፤ ይኸው ውጤቱ። ቤዛ ታሪኩን ሰማችና ሣጥኗን ከጭኔ አነሣቻት። ከዚያ «ሳኒታይዘር አምጥቼ ልጥረገው?» አለች። ሳኒታይዘር! ጎረቤት ሄደሽ ዳግም አረቄ ለምኚ አልኳት፤ እያፈረች ሄዳ በብርጭቆ አመጣች። ሻርፗን አፍንጫዋ ላይ ጠመጠመችና ሲጋሩን መዳፏ ላይ አስተኛችው። እኔ አላሳየኋትም፤ ከየት እንዳመጣችው እግዚአብሔር ይወቅ። በአውራ ጣቴ ጫን ብዬ ፈተሽኩት። ከላይ ነው፣ ውስጡ ደኅና ነው።

ዶክተሩም አሁን በሕይወት የለም፤ በጉን የሚነፍገው ገበሬም የለም። ስለዚህ አፍሽን ያዢ ያለችኝን ዛሬ ለቅቄዋለሁ። ከማኅበርተኞቹ ያለ ካለ፣ ከሌለም ልጆቻቸው ይስሙልኝ፤ ያን ቀን በር ላይ የተቀመጠችው አስካለ አልተገዘተችም፣ ጠንቋይ ቤትም አልታየችም። እጇንም አላመማትም ነበር።